የአግዳሚ ግንድ ታሪክ፦ ከአላታ ድልድይ እስከ ቁንዝላ

ሰው ወንዝ ለመሻገር ከዳር እስከ ዳር ግንድ ካጋደመበት ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከእርሱ ተለይቶ አያውቅም። ጥያቄውም «ይህ ግንድ ይችለኛልን?» የሚል ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት የዚህ ጥያቄ መልስ ከልምድና ከድፍረት በቀር ሌላ ምንጭ አልነበረውም። አናጢው እንጨቱን ያያል፤ በመጥረቢያው ጀርባ መትቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ አባቱ ለእንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ይመርጥ እንደ ነበር ያስታውሳል፤ ከዚያም ይሠራል። እንጨቱ የቻለ እንደ ሆነ ልምዱ ለልጅ ይተላለፋል፤ ያልቻለ እንደ ሆነ ግን ትምህርቱ የሚገኘው ከስብራቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሰው ሕይወት ነው። ሳይሰበር አስቀድሞ በቍጥር ማወቅ ከተቻለ ገና ሁለት መቶ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

ይህን ታሪክ ለማስረዳት የጣናን ዳርቻ መርጠናል። በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ በኩል የምትገኘው ቁንዝላ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄዱ ጀልባዎች ጎራ የሚሉባት የወደብ ከተማ ናት። በእርስዋና በአካባቢዋ የደንገል ታንኳ፣ የእንጨት መሻገሪያ፣ የድንጋይ ቅስትና የዘመናችን የአርማታ ሥራ ሁሉም ይገኛሉ። ስለዚህ የሐይቁን ዳር ተከትሎ የሚሄድ ሰው የዚህን ዕውቀት ታሪክ ከሥር መሠረቱ በዓይኑ ሊያይ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአላታ የተጋደመው ግንድ

ዐባይ ከጣና ወጥቶ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዐባይ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከፏፏቴው በታችም በጠባብ የድንጋይ ገደል መካከል ተጨንቆ ያልፋል። ስፍራው በቀድሞ ስሙ አላታ ይባላል። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ካህን ዠሮኒሞ ሎቦ ስለዚህ ስፍራ ሲጽፍ፣ ቋጥኞቹ እጅግ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ በላያቸው ግንዶች ተጋድመው የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በሙሉ ተሻግሮባቸው እንደ ነበር ይተርካል። ቀጥሎም ሥልጣን ሰገድ፣ ይኸውም ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት አጼ ሱስንዮስ፣ ከሕንድ ግንበኞች አስመጥተው በዚያው ስፍራ ባለ ቅስት የድንጋይ ድልድይ እንዳሠሩ ያመለክታል። ድልድዩ የተሠራው በ1626 ነው። ዋናው ቅስቱ እስከ ዛሬ ሳይናድ ቆሞ እግረኛና የጭነት ከብት ያሻግራል።

በዚህ አጭር ትረካ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የአሠራር ዘዴዎች ፊት ለፊት ተገናኝተዋል፤ አንደኛው የተጋደመ ግንድ፣ ሁለተኛው ቅስት ነው። ልዩነታቸውን ማስተዋል ለቀሪው ነገር ሁሉ መክፈቻ ነው።

ግንድ በሁለት ጫፉ ተደግፎ በወገቡ ሸክም ሲያርፍበት ይጎብጣል። ሲጎብጥም በታችኛው ፊቱ በኩል ያሉት የእንጨቱ ጅማቶች ይለጠጣሉ፤ በላይኛው ፊቱ በኩል ያሉት ደግሞ ይጨመቃሉ። እንግዲህ በአንድ ግንድ ውስጥ በአንድ ጊዜ መለጠጥና መጨመቅ አሉ ማለት ነው። እንጨት ሁለቱንም ሊችል ስለሚችል ለአግዳሚነት ይመቻል። ድንጋይ ግን መጨመቅን እጅግ ይችላል እንጂ መለጠጥን ከቶ አይወድም፤ ረዥም ድንጋይ ተጋድሞ ሸክም ቢጫንበት በታችኛው ፊቱ ተሰንጥቆ ይወድቃል። ቅስት የተፈጠረው ይህን የድንጋይ ጠባይ ለመጠበቅ ነው። የቅስቱ ድንጋዮች እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ፤ ሸክሙም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተገፋ ወደ ሁለቱ ዳርቻዎች ይወርዳል። በአላታ ዳርቻዎቹ ራሳቸው ቋጥኝ ስለ ሆኑ ግፊቱን የሚቀበል ጽኑ መሠረት ነበር።

ይሁን እንጂ ቅስት የራሱ ድካም አለበት። አንዱ ክፍሉ ከፈረሰ የቀረው ደጋፊ ያጣል፤ ክፍተቱን በግንድ መድፈንም ቀላል አይደለም። በአጼ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገረውና በሞጣ በኩል በዐባይ ላይ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን አንዱ ክፍሉ ከፈረሰ በኋላ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሰው በገመድ እየተሳበ ለብዙ ዓመታት ሲሻገር ኖሯል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው።

የጋሊሌዎ ጥያቄ

የአላታ ድልድይ በተሠራ በ12ኛው ዓመት፣ ማለት በ1638፣ ጣልያናዊው ሊቅ ጋሊሌዎ ስለ ሁለት አዲስ ሳይንሶች የጻፈው መጽሐፍ በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ታተመ። ከሁለቱ ሳይንሶች አንደኛው የቁሳቍስን መሰበር የሚመረምር ነበር። ጋሊሌዎ በአንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተተከለ፣ በሌላው ጫፉ ክብደት የተንጠለጠለበት አግዳሚ እንጨት ሥሎ «የሚሰበረው በምን ያህል ክብደት ነው?» ሲል ጠየቀ። አናጢዎች በእጃቸው ብቻ ያውቁት የነበረው ነገር በዚህ ጥያቄ ወደ ሒሳብ መድረክ ወጣ።

ከመልሱ ውስጥ እውነት የሆነው ብዙ ነው። የአግዳሚው ብርታት በስፋቱ ልክ እንደሚያድግ፣ በቁመቱ ግን ከዚያ አብልጦ፣ ማለት ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ እንደሚያድግ አሳየ። ስለዚህ ስፋቱን እጥፍ ማድረግ ብርታቱን እጥፍ ሲያደርገው፣ ቁመቱን እጥፍ ማድረግ አራት እጥፍ ያደርገዋል። ደግሞም አንድ ነገር ቅርጹን ሳይለውጥ በመጠኑ ብቻ ቢተልቅ የራሱ ክብደት ከብርታቱ ፈጥኖ እንደሚያድግና መጨረሻ ላይ በራሱ ክብደት እንደሚሰበር አስረዳ። አጭር ጅረት በግንድ ሲሻገሩት ሰፊ ወንዝ ግን በግንድ የማይሻገሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ገደሉ በሰፋ መጠን ግንዱ የሚሸከመው ራሱን ብቻ እየሆነ ይሄዳል።

ስሕተቱ ግን ከመሠረቱ ላይ ነበር። ጋሊሌዎ እንጨቱ ሲሰበር ጅማቶቹ ሁሉ ከላይ እስከ ታች በእኩል ኃይል የሚለጠጡ፣ መዞሪያውም በአንዱ ጠርዝ ላይ ያለ መሰለው። በአንዱ ወገን መጨመቅ መኖሩን አላሰበም። በዚህ ምክንያት ያገኘው ብርታት ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ በለጠ። የእንጨትን ብርታት ቀጥታ በመሳብ ለክቶ በዚህ ሒሳብ የሚጠቀም ሠራተኛ ቢኖር፣ ግንዱ ከሚችለው ሦስት እጥፍ የሚችል መስሎት ይሠራ ነበር።

ሁለት መቶ ዓመት የፈጀ እርማት

ይህን ስሕተት ለማረም የብዙ ሊቃውንት ዕድሜ አለቀ። በ1678 እንግሊዛዊው ሁክ የአንድ ነገር መለጠጥ በተሳበበት ኃይል ልክ መሆኑን ገለጠ። ወደ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውሃ ለሚወስዱ ቧንቧዎች ሲመራመር የነበረው ፈረንሳዊው ማርዮት ደግሞ እንጨትና ብርጭቆ እየሰበረ ፈተነ፤ ጽሑፉም ከሞተ በኋላ በ1686 ታተመ። ማርዮት ጅማቶቹ በእኩል እንደማይለጠጡ ተረዳ፤ ከጋሊሌዎ ይልቅ ወደ እውነቱ ቀረበ፤ ነገር ግን የእርሱም ውጤት ከእውነተኛው እጥፍ ሆኖ ቀረ።

በ1713 ፓራን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ፣ በላይ ያለው መጨመቅና በታች ያለው መለጠጥ በድምር እኩል መሆን እንዳለባቸው በትክክል ጻፈ። ዳሩ ግን ሰሚ አላገኘም። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1773 ኩሎም የተባለው የጦር መሐንዲስ ይህንኑ ነገር አጥርቶ ለፓሪስ አካዳሚ አቀረበ። በመጨረሻም በ1826፣ በፓሪስ የድልድዮችና የመንገዶች ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ናቪዬ ትምህርቱን በመጽሐፍ አሳትሞ ነገሩን ለተማሪ በሚገባ መልክ አደላደለው። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ የናቪዬ መጽሐፍ የወጣው የአላታ ቅስት በተሠራ ልክ በሁለት መቶኛው ዓመት ነው።

የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ በተጋደመው እንጨት ቁመት መካከል የማይለጠጥም የማይጨመቅም አንድ መሥመር አለ። ገለልተኛ መሥመር ሊባል ይችላል። ከዚህ መሥመር ወደ ታች በራቅን መጠን መለጠጡ፣ ወደ ላይ በራቅን መጠን መጨመቁ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከፍተኛው ውጥረት የሚገኘው በሁለቱ ጠርዞች ላይ ነው። የሚሰበረውም ከዚያ ይጀምራል።

ስለ ናቪዬ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በ1826 እርሱ በፓሪስ በሴን ወንዝ ላይ ያሠራው ተንጠልጣይ ድልድይ መሠረቱ ተንቀሳቅሶ ስንጥቅ ታየበት፤ ኋላም ፈርሶ ተነሣ። የአግዳሚን ሒሳብ ለዓለም ያስተማረ ሰው በአፈሩ ተሸነፈ። ሒሳብ የሚያገለግለው ለተጠየቀው ጥያቄ ብቻ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይገባል።

ሒሳቡ በአንድ ጅረት ላይ

ይህ ሁሉ ለተማሪ ጭጋግ እንዳይሆንበት አንድ ምሳሌ እንሥራ። በቁንዝላ አካባቢ 4 ሜትር ስፋት ያለው ጅረት አለ እንበል። በላዩ ሳንቃ የለበሰ መሻገሪያ ሊሠራ ታስቧል፤ ከሳንቃው ሥር ከሚጋደሙት ተሸካሚ እንጨቶች በአንዱ ወገብ ላይ የሚያርፈው ሸክም 400 ኪሎ ነው። እንጨቱ በአንድ ጎኑ 10፣ በሌላው ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ነገሩን ለማቅለል የእንጨቱን የራሱን ክብደት እንተወው።

መጀመሪያ አጉባጩን ጉልበት፣ መሐንዲሶች ሞመንት የሚሉትን፣ እንፈልጋለን። በወገብ ላይ ለሚያርፍ ሸክም ሞመንቱ ሸክሙ በርዝመቱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ 400 ኪሎ በ400 ሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 40,000 ይሆናል። ቀጥሎ የእንጨቱ ቅርጽ ጉብጠትን የሚቋቋምበትን ልክ እናገኛለን፤ ይህም ስፋቱ በቁመቱ፣ እንደ ገናም በቁመቱ ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሞመንቱ ለዚህ ቍጥር ሲካፈል በጠርዙ ላይ ያለውን ውጥረት ይሰጣል።

እንጨቱ በጠባብ ጎኑ ቆሞ ቁመቱ 20 ቢሆን፣ 10 በ20 በ20 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 667 ገደማ ይሆናል፤ 40,000 ለ667 ሲካፈል ውጥረቱ በካሬ ሳንቲ ሜትር 60 ኪሎ ነው። ያው እንጨት በሰፊ ጎኑ ተንጋሎ ቁመቱ 10 ቢሆን ግን፣ 20 በ10 በ10 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 333 ገደማ ይሆናል፤ ውጥረቱም 120 ኪሎ ይደርሳል። የሚፈቀደው ውጥረት እንደ እንጨቱ ዓይነት የሚለያይ ቢሆንም፣ ለተራ የግንባታ እንጨት 100 ኪሎ ብለን ብንወስድ ከመካከለኛው አንርቅም። እንግዲህ አንዱ እንጨት፣ በአንዱ ገበያ በአንድ ዋጋ የተገዛው፣ ሲቆም ደኅና ነው፤ ሲንጋለል ግን ከተፈቀደው ያልፋል። ልዩነቱን ያመጣው አቀማመጡ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሊቃውንቱ ስሕተት እንመለስ። የተንጋለለውን እንጨት በጋሊሌዎ መንገድ ብናሰላው ውጥረቱ 40 ኪሎ ብቻ መስሎ ይታየናል፤ በማርዮት መንገድ 60 ይመስለናል። ሁለቱም «ደኅና ነው፤ ተሻገሩ» ይሉናል። እውነቱ ግን 120 ነው። ወዲያው ባይሰበር እንኳ ክረምቱ ሲያርሰው፣ ምስጥ ሲበላው፣ ሸክሙም በገበያ ቀን ሲበዛ ይሰበራል። ከ1638 እስከ 1826 የተደረገው ክርክር የመጻሕፍት ክርክር ብቻ እንዳልነበረ ከነዚህ ሦስት ቍጥሮች መረዳት ይቻላል።

ታንኳው የሚያስተምረው

የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ በተለይም ታንኳ በመሥራት የታወቁት ነገደ ወይጦ፣ ይህን ሒሳብ ሳይማሩ ከሒሳቡ አንዱን ረቂቅ ነገር በእጃቸው ያውቁታል። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል እስር ነው። ማዕበል ታንኳውን በወገቡ ሲያነሣው ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ያን ጊዜ ታንኳው ራሱ አግዳሚ ሆኖ ይጎብጣል። እስሩ የላላ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ደንገል በጎረቤቱ ላይ እየተንሸራተተ ለብቻው ይጎብጣል፤ የጠበቀ እንደ ሆነ ግን ሁሉም እንደ አንድ ግንድ ሆነው ይቆማሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በመሐንዲስ ዘንድ ቃል በቃል እውነት ነው።

ይህን በቍጥር ማሳየት ይቻላል። ሁለት እኩል ጣውላዎች ሳይያያዙ ቢደራረቡ ብርታታቸው የአንዱ ሁለት እጥፍ ነው፤ እንዳይንሸራተቱ በሚገባ ቢጣበቁ ግን ቁመታቸው እጥፍ ስለሚሆን ብርታታቸው የአንዱ አራት እጥፍ ይሆናል። በጣውላዎቹ መካከል ያለውን የመንሸራተት ኃይል በሒሳብ ያስረዳው ከፒተርስቡርግ እስከ ሞስኮ ለተዘረጋው የባቡር ሐዲድ የእንጨት ድልድይ ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው መሐንዲስ ዡራቭስኪ ነው፤ ጊዜውም የ19ኛው መቶ ዓመት መካከል ነበር። ባለ ታንኳው ግን መልሱን በማሰሪያው ውስጥ ቋጥሮት ኖሯል።

አርማታና ፌሮ

በኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1951 ተቋቋመ፤ በ1954 በስዊድን መንግሥት ረዳትነት የሕንጻ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1963 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ረዳትነት የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተመሠረተ። ከጣና ዳር ለሚነሣ ተማሪ የናቪዬ ሒሳብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በደጁ ተገኘ ማለት ነው።

ዛሬ በከተሞቻችን የሚታየው አግዳሚ ብዙ ጊዜ የአርማታ ነው። አርማታ የድንጋይንና የብረትን ጠባይ አስማምቶ የያዘ ሥራ ነው። ሲሚንቶው፣ አሸዋውና ጠጠሩ ተዋሕደው እንደ ድንጋይ መጨመቅን ይችላሉ፤ መለጠጥን ግን አይችሉም። ስለዚህ የሚለጠጠው ወገን በፌሮ ይታጠቃል። በሁለት ጫፉ የተደገፈ አግዳሚ የሚለጠጠው በታች ስለ ሆነ ዋናው ፌሮ በታች ይገባል። ከግድግዳ ወደ ውጭ የወጣ ሰገነት ግን ልክ ጋሊሌዎ እንደ ሣለው እንጨት ነው፤ የሚለጠጠው በላይ ስለ ሆነ ዋናው ፌሮ በላይ መሆን አለበት። ምክንያቱን ሳይማር ልማዱን ብቻ የያዘ ሠራተኛ ፌሮውን እንደ ለመደው በታች ቢያደርገው፣ ወይም ሲሚንቶው ሲፈስ በላይ የተዘረጋውን ፌሮ ረግጦ ወደ ታች ቢያሰምጠው፣ ብረቱ ሳይጐድል፣ ሲሚንቶውም ሳይሰረቅ ሰገነቱ በሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከተለጠፈ በኋላም ማንም አያየውም። በ2009 የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቍጥር 624 የሕንጻ ፕላን በባለሙያ እንዲዘጋጅና በመንግሥት ሹም እንዲመረመር ያዘዘው እንዲህ ያለውን የማይታይ ነገር አስቀድሞ ለማየት ነው።

ቅስቱ በቁንዝላ

በባሕር ዳር ስድሳ ዓመት ያህል ያገለገለውን የዐባይ ድልድይ እንዲተካ የተሠራውና በ2024 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ይህን ያህል ስፋት በአንድ ግንድ ሊሸፈን እንደማይችል ከጋሊሌዎ ተምረናል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ አግዳሚውን በምሰሶዎች ከፋፍለው፣ ከላይም በብረት ገመድ ደግፈው ሠሩት።

በቁንዝላ አጠገብ ደግሞ ከሁሉ የሚደንቅ ሥራ አለ። በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን የሚቀበለው ከዚሁ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ውሃው ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ የምድር ውስጥ ዋሻ ያልፋል። የዋሻው ውስጥ ተቀርጸው በተዘጋጁ የአርማታ ቁራጮች ቀለበት ሆኖ ተገጥሟል። ቀለበት ምንድን ነው? ራሱን የዞረ ቅስት አይደለምን? ምድሩ ከላይና ከጎን ሲጫነው ቁራጮቹ እንደ አላታ ድንጋዮች እርስ በርሳቸው እየተጨመቁ ይደጋገፋሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የአላታ ግንበኞች ቅስታቸው መቆሙን ያረጋገጡት ደጋፊው እንጨት ሲነሣ በዓይናቸው አይተው ነው፤ የቁንዝላ መሐንዲሶች ግን ምድሩ ሳይቆፈር አስቀድመው በወረቀት ላይ አውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አባቶቻችን ሒሳብ ስላልነበራቸው ዕውቀት አልነበራቸውም ማለትን አይደለም። ሠራዊትን ያሻገረ ግንድ፣ አራት መቶ ዓመት የቆመ ቅስት፣ ማዕበል የማይፈታው ታንኳ ይህን ይክዳሉ። የእጅ ዕውቀት ድካሙ ሸክሙ ሲለወጥ ነው። በቅሎ ያሻገረ ድልድይ የጭነት መኪና ሲመጣበት አባት ለልጁ የነገረው አይበቃም፤ ያን ጊዜ የሚቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሞክሮ ማየት፣ ሁለተኛው አስልቶ ማወቅ ነው። ሞክሮ የሚያየው ሰው ዋጋውን የሚያስከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላውን ነው።

ስለዚህ መምህር የሆነ ሁሉ «ለስድስት አካፍል» ከማለቱ አስቀድሞ የትኛው ወገን እንደሚለጠጥ፣ የትኛውም እንደሚጨመቅ በአንዲት እርጥብ አርጩሜ ጎብጦ ያሳይ። ሹም የሆነም ሁሉ በፕላን ላይ ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት ሒሳቡ መሠራቱን ይጠይቅ። የዓለም ሊቃውንት ሦስት እጥፍ የተሳሳተውን ቍጥር ለማረም ሁለት መቶ ዓመት ደክመዋል፤ እኛ ግን ያንን ድካም ለመውረስ የሚያስፈልገን አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ ጠመኔና «ይችለኛልን?» ብሎ ለመጠየቅ የማያፍር ተማሪ ብቻ ነው።